የጓዳ ጥያቄ፦ ሎሚው ለብቻ፣ በረኪናው ለብቻ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሳሙና ናቸው። ምሬቱም አንድ ነው፤ ላርጎው፣ ኦሞው፣ በረኪናው አልቀመስ አለ። «እቤት ብንሠራውስ?» ይላል ሰው ሁሉ። አራቱን መርጬ እመልሳለሁ። ለአዲስ አንባቢ ያህል፣ እኔ ኬሚስት አይደለሁም። ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ 22 ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ከአንሶላ እስከ ሙሽራ ቬሎ በእጄ አልፏል። የማውቀው ከዚያ የመጣ ነው፤ የተሳሳትኩትም እዚያው ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ትልቁን ስህተት የሠራሁት ገዛ ቤቴ ነው። እሱን አሁን እነግራችኋለሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ዓባይ ማዶ ነው የምኖረው፤ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። በወር አራት ጠርሙስ ላርጎ አይበቃኝም። ጎረቤቴ ከቲክቶክ አይታ ሎሚ፣ አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳና ትንሽ በረኪና በአንድ ባልዲ ቀላቅላ ቤቱን ሁሉ ታጸዳበታለች። አረፋው እንደ ቢራ ይገነፍላል። እኔም ልሥራው? ያዋጣኛል?»

እህቴ፣ እኔ ደህና ነኝ። ጎረቤትሽ ግን ደህና መሆኗን ዛሬውኑ ሄደሽ ጠይቂልኝ። ያ ባልዲ እንዳይደገም።

ከበረኪናው ልጀምር። በረኪና አሲድ ካለበት ነገር ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ሎሚ አሲድ ነው። አቼቶ አሲድ ነው። የሽንት ቤት አሲዱማ ስሙ ራሱ ይናገራል። እኔ ይህን ላውንደሪ ውስጥ ለስንት ልጅ አስተምሬያለሁ። ከዚያ የልጅ ልጄ ክርስትና ዋዜማ፣ እንግዳ ሊመጣ ነው ብዬ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ሽንት ቤቴን ማጠብ ጀመርኩ። በረኪና አፈሰስኩ። ያ ቢጫ እድፍ አልለቅ አለ። ደክሞኛል፣ ተናድጃለሁ። አሲዱን አነሳሁና በላዩ ላይ ደፋሁት። በሩ ተዘግቷል፤ መስኮቷ የእጅ መዳፍ ታክላለች።

መጀመሪያ የመጣው ሽታ አልነበረም። ዓይኔ ነው። እንደ በርበሬ ሳይሆን እንደ መርፌ። ቀጥሎ ጉሮሮዬ ተያዘ። እየዳበስኩ መሸጎሪያውን አጣሁት። ሁለት ሦስቴ ሞከርኩ። ወጥቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ፤ ነጋ። በማግስቱ ዘመድ አዝማድ «እንኳን ደስ አለሽ» ሲለኝ እኔ እሳላለሁ። ሦስት ቀን ተኝቼ ሳይሆን ተቀምጬ አደርኩ። ማንም ያልነገረኝ ነገር ቢሆን ባልተቆጨሁ። እኔ ራሴ የማስተምረው ነው!

ስለዚህ በረኪና የሚቀላቀለው ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ብቻ ነው። ከሎሚ ጋር አይሆንም። ከአቼቶ ጋር አይሆንም። ከአሞኒያም ጋር አይሆንም። ሽንት ውስጥ አሞኒያ አለና ሽንት ቤት ስታጥቢ ቀድመሽ በደንብ ውሃ ድፊበት፤ በሩንም ክፈቺ። ጠርሙሱ ላይ 5 ከመቶ የሚል በረኪና ከሆነ ለወለልና ለመታጠቢያ ቤት በ1 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ቤት ውስጥ ተቅማጥ ወይም ትውከት ያለበት በሽተኛ ካለ፣ ለዚያ ቦታ 1 ሲኒ በረኪና ለ9 ሲኒ ውሃ አድርጊው። ግን ቆሻሻው አስቀድሞ በሳሙና ይታጠብ። በረኪና እድፍ ላይ ከፈሰሰ ጉልበቱን እዚያው ጨርሶ ጀርሙን ይተወዋል። የቀላቀልሽውን ለነገ አታሳድሪ። ጠርሙሱንም ፀሐይ ላይ አታስቀምጪ፤ ይሞታል።

አሁን ወደ አረፋው። አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ሲገናኙ ያ ሁሉ ግርግር የሚነሳው እርስ በርስ ስለሚጠፋፉ ነው። አንዱ አሲድ ነው፤ ሌላው የአሲድ ተቃራኒ። አረፋው የሚወጣው ጋዝ ነው፤ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለው ዓይነት። ግርግሩ ሲያልቅ ባልዲው ውስጥ የሚቀርሽ ትንሽ ጨው የመሰለ ነገር ያለበት ውሃ ነው። ሁለቱንም ገዝተሽ ሁለቱንም ደፋሽ ማለት ነው። ለየብቻ ግን ሁለቱም ጎበዝ ናቸው።

ሎሚ የነጭ ድንጋይ ጠላት ነው። የውሃ ማፍያሽ ውስጥ የተጋገረውን ነጭ ቅርፊት ታውቂዋለሽ። የሦስት ሎሚ ጭማቂ ጨምሪ፤ ቅርፊቱን እስኪሸፍን ውሃ አድርጊ፤ አፍልተሽ አጥፊና አንድ ሰዓት ተዪው። በማንኪያ ሳትፍቂው ይለቃል። የሎሚ ዋጋ ሲወደድ ለሻይ የተጨመቀውን ልጣጭ አጠራቅሚ። እኔ ከዘጌ በጀልባ የሚመጣውን ሎሚ ነው የምወድደው። ትንሽ ነው፤ ግን ውሃ ያዘለ ነው። ውስጡ የጠቆረ የአሉሚኒየም ድስት ካለሽ ልጣጩን ከውሃ ጋር ሩብ ሰዓት ቀቅይበት። ሲወጣ አዲስ ይመስላል። በተቃራኒው ቤኪንግ ሶዳና አመድ አሉሚኒየም ላይ ከቆዩ ያጠቁሩታል። ለጥላሸት ከውጭ በኩል አመድ አሪፍ ነው፤ ግን ፈትጎ ማለቅለቅ እንጂ መዘፍዘፍ የለም።

ቤኪንግ ሶዳው የቅባት ነው። ምድጃው ላይ የደረቀ የወጥ ዘይት ካለ በጥቂት ውሃ እንደ ሊጥ ለውሰሽ ቀቢው፤ 20 ደቂቃ ቆይተሽ በእርጥብ ጨርቅ አንሺው። ለመስኮት ደግሞ 1 ብርጭቆ አቼቶ ለ4 ብርጭቆ ውሃ፣ ማድረቂያው አሮጌ ጋዜጣ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ወለልሽ ሊሾ ከሆነ ሎሚም አቼቶም አታስነኪው። አሲድ ሲሚንቶን ይበላል። እብነ በረድንም እንዲሁ። መጀመሪያ የጸዳ ይመስላል፤ ከጥቂት ወር በኋላ ወለሉ ሻካራ ይሆንና ቆሻሻ መያዝ ይጀምራል። ያኔ ነው ወጪ ማለት።

አሁን ላርጎውን። እህቴ፣ አራቱ ጠርሙስ የሚያልቀው ላርጎ ስለጎደለሽ አይደለም። በቀጥታ እስፖንጁ ላይ ነው የምታፈሺው አይደል? እኔም ልጆቼም እንደዚያ ነበርን። አሁን አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ አድርጌ አንድ የሾርባ ማንኪያ ላርጎ እጨምራለሁ። እስፖንጁ የሚነከረው እዚያ ነው። የምሳ ዕቃ በሙሉ በዚያች ማንኪያ ያልቃል። በወር ሦስት ጠርሙስ የነበረው የኔ ቤት ወደ አንድ ወርዷል። ምንም ነገር እቤት አልሠራሁም፤ ማፍሰስ ነው ያቆምኩት።

ኦሞም እንደዚያው። አረፋ ማጽጃ አይደለም፤ ለዓይን ነው። ላውንደሪ ውስጥ አዲስ የሚቀጠር ልጅ ሁሉ ሳሙና ያበዛል። አንሶላው ሲደርቅ እንደ ካርቶን ይደርቃል፤ ሳሙናው ከክሩ ውስጥ ስላልወጣ ነው። እሱን ለማስለቀቅ ሦስት እጥፍ ውሃ ይፈጃል። ለብ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ አንድ እፍኝ ኦሞ ያስቀርልሻል። አንገትጌና እጅጌውን ብቻ በደረቅ ሳሙና እሺው።

«እትዬ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ እየፈለግሁ ነው። የሁለት ቀን የላርጎ አሠራር ኮርስ ወስጃለሁ። ለቤታችንም እንዲሆን፣ ተርፎም እንድሸጥ፣ እናቴ ጓዳ ውስጥ ልጀምር አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል? ወፍራም እንዲሆንስ ምን ላድርግ?»

ልጄ፣ እጅህን አጣጥፈህ አለመቀመጥህ ደስ ብሎኛል። ግን እናትህ ጓዳ ውስጥ አይሆንም። ልጆችና እህል ከሌሉበት፣ አየር ካለው ቦታ ላይ ሥራው። ግቢ ውስጥ ጥላ ካለ እሱ ይሻላል።

የላርጎ ዋና ነገሩ ሰልፎኒክ አሲድ ነው። የዚህን ጥቁር ቡናማ ወፍራም ነገር አሲድነት፣ የአሲድ ተቃራኒ በሆነው በኮስቲክ ሶዳ ትሰብረዋለህ። ኮርሱ ላይ በስኒ እየሰፈሩ ካሳዩህ እርሳው፤ ሚዛን ግዛ። ለ1 ኪሎ ሰልፎኒክ ወደ 125 ግራም ኮስቲክ ይጠጋል። ግን እንደ ዕቃው ጥራት ስለሚለያይ አሲድነትን በሚለካው የፒኤች ወረቀት እየፈተሽክ ጨርሰው፤ ከ7 እስከ 8 ባለው መካከል ይሁን። ኮስቲኩ ከበዛ እጅ ይልጣል። እናትህ «ይኼ ሳሙና እጄን ቆረጣጠመኝ» ካለችህ እሱ ነው። አረፋ የሚያበዛው ቴክሳፖን፣ ሽቶውና ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ኮስቲኩን ወደ ውሃው ነው የምትጨምረው፤ ውሃውን ወደ ኮስቲኩ አይደለም። ጥቂት በጥቂት፣ በፕላስቲክ ባልዲ፣ ጓንትና መነጽር አድርገህ። ራሱ ይግላል፤ ይተንናል፤ አትደንግጥ፤ ግን ራቅ በል። የአሉሚኒየም ድስት በጭራሽ እንዳትጠቀም፤ ኮስቲክ አሉሚኒየምን እየበላ ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። ቆዳህን ከነካህ ብዙ ውሃ፣ ለረጅም ጊዜ።

የውፍረቱ ነገር ደግሞ ያስቀኛል። ደንበኛ ሁሉ ወፍራም ላርጎ ይፈልጋል። ውፍረቱ ግን ከጨው ነው የሚመጣው፤ የወጥ ጨው። ትንሽ ስትጨምር ይወፍራል፤ ሲበዛ ተመልሶ ይቀጥናል፤ ይደፈርሳል። ስለዚህ ቀጭኑ ብዙ ማጽጃ፣ ወፍራሙ ብዙ ጨው ሊኖረው ይችላል። ገበያ ላይ ይኼን ለማስረዳት ዕድሜ አይበቃህም፤ አወፍረው። ግን ጨውን አሟሙተህ፣ በማንኪያ እየጨመርክ፣ እያማሰልክ።

ያዋጣል ወይ ላልከኝ፣ ለአንድ ቤት ፍጆታ አያዋጣም። ኬሚካሉን የሚሸጡልህ በትልልቁ ነው፤ ለአንድ ቤት ስትል የገዛኸው ጓዳ ውስጥ ይቀመጥና መዘዝ ይሆናል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። አምስት ስድስት ጎረቤት እንደ ዕቁብ ገንዘብ አዋጥቶ 20 ሊትር ቢያስሠራህ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ለመሸጥ ከሆነ ፈቃዱን አውጣ፤ በጎን አትጀምር።

አንድ ነገር ቃል ግባልኝ። በሃይላንድ ጠርሙስ እንዳታሽገው። ልጅ ሃይላንድ ካየ ውሃ ነው ብሎ ይጠጣል። ቢጫ ከሆነማ ጭማቂ ይመስለዋል። ኮስቲክ የጠጣ ልጅ ካለ ደግሞ አታስታውኩት። ሲወርድ ያቃጠለውን ሲመለስ እንደገና ያቃጥለዋል። ባጃጅ ጠርቶ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ብቻ ነው።

«እትዬ ጤና ይስጥልኝ። ትውልዴ ዘጌ ነው፤ አሁን ባሕር ዳር እየተማርኩ ሽምብጥ ተከራይቻለሁ። አያቴ ነጠላዋን የምታጥበው በእንዶድ ነበር። እኔ ያለሁበት ግቢ አጥር ላይ እንዶድ ተጠምጥሞ አገኘሁ። ነጻ ሳሙና አይደል? ወይስ ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው? የታጠበበትን ውሃስ ሐይቁ ዳር ብደፋው?»

የኔ ልጅ፣ ይኼን ደብዳቤ ሁለቴ ነው ያነበብኩት። እናቴ ለጥምቀት ነጠላዋን የምታጥበው በእንዶድ ነበር። ሙቀጫው ውስጥ ስትወቅጠው ያስነጥሳታል። ዱቄቱ አፍንጫ አይምርም። እኔ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ሥራዬ ማስነጠሷን መቁጠር ነበር። ሁለት ሦስቴ ከሆነ «ገና አልደረቀም» ትላለች። ዘጠኝ የደረሰች ቀን ግን እንዶዱ ደህና ደርቋል፤ ነጠላውም በረዶ መስሎ ይወጣል። አንቺ እንኳን አፍንጫሽን በሻሽ ሸፍኚ።

ጊዜው አላለፈበትም። ፍሬው ሳይቀላ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ለቀሚው፤ ጉልበቱ ያኔ ነው። ጥላ ላይ አድርቂው። አንድ እፍኝ ወቅጠሽ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፊውና በጨርቅ አጥልይው፤ ካልሆነ ፍርፋሪው ጥለቱ ውስጥ ይገባል። አረፋው የራሱ ነው። ለነጠላ፣ ለጋቢ፣ ለጥልፍ ቀሚስ እኔ ከኦሞ አስበልጠዋለሁ፤ ክሩን አይጎዳም። የኦሞን ዓይነት ሰማያዊ ብልጭታ ግን አትጠብቂ። ያ ብልጭታ ንጽሕና አይደለም፤ ዱቄቱ ውስጥ የሚጨመር የሚያበራ ነገር ነው። ዘይት ለነካው የወጥ ቤት ጨርቅም እንዶድ አይችልም፤ አታድክሚው።

ስለ ውሃው መጠየቅሽ ግን የአያትሽ ልጅ ያሰኝሻል። ሐይቁ ዳር እንዳትደፊው! ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ውሃው ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተዋል። ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው ደግሞ በዚያው በውሃ ቀንድ አውጣ ነው። ትሉ በቀንድ አውጣው ውስጥ አድጎ ወደ ውሃው ይወጣና በሰው ቆዳ በኩል ይገባል። ጣና ዳር ያደግን ሰዎች በሽታውን በስም አንጠራውም፤ ሆዱን የሚያመውን ልጅ አይተናል። ዶክተር አክሊሉ በዚህ ሥራቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። የእናቶቻችን ሳሙና ዓለም ላይ የተነገረለት እንዲህ ነው።

«ታዲያ ቀንድ አውጣውን ከገደለ ሐይቁ ላይ ብደፋው ምን አለበት?» ትይኝ ይሆናል። ዓሣውንም ስለሚገድል ነው። ብርብራ ፈጭተው ውሃ ላይ በትነው ዓሣ የሚያሰክሩትን ታውቂያለሽ። እንዶድም ለዓሣ ከዚያ አይሻልም። ቀንድ አውጣ ለማጥፋት የሚውለው በልክና በባለሙያ ነው፤ በአንቺ ሳፋ አይደለም። ቀረሶውና አምባዛው ከእምቦጩ ጋር የሚታገሉት ይበቃቸዋል። ኦሞውንም ቢሆን ሐይቅ ውስጥ ቆሞ ማጠብ ድሮ ቀረ በዪ። ውሃውን ቀድተሽ ከዳሩ ራቅ ብለሽ እጠቢ፤ እጣቢውን ደረቅ አፈር ላይ፣ ከጉድጓድ ውሃ ራቅ አድርገሽ ድፊው።

ደግሞ እንዶድ መድኃኒት ነው ብሎ የሚያጠጣሽ ሰው ካለ እምቢ በዪ። መርዝ ነው። የተወቀጠውንም ከበሶና ከሽሮ ዕቃ አርቂው።

ጀሪካንሽ ውስጡ አረንጓዴ ካወጣ ደግሞ እግረ መንገዴን ልንገርሽ። አንድ እፍኝ የግራዋ ቅጠል፣ ጥቂት ጠጠርና ውሃ ጨምረሽ እስኪደክምሽ ናጪው። የጠላ ጋን የሚታጠበው በግራዋ አይደል? ጀሪካኑ ምን ቤት ነው።

«እመቤቴ፣ ጡረተኛ ነኝ፤ ግሽ ዓባይ ሰፈር እኖራለሁ። ባለቤቴን ላግዝ ብዬ ጀበናዋን በላርጎ አጠብኩላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡናው ሽቶ ሽቶ ይላል፤ እሷም አኩርፋለች። ጀበና በምን ይታጠባል? ጥፋቱስ የማን ነው?»

ጌታዬ፣ ሸክላ ሳሙና ይጠጣል። የጠጣውን ደግሞ ከቡናው ጋር እየቆጠበ ይመልሳል። ሻካራ ጨውና የፈላ ውሃ ጨምረው አፉን በጨርቅ ይዘው ያንቀጥቅጡት፤ ይድፉት፤ ይድገሙት። ከዚያ ንጹሕ ውሃ ብቻ አድርገው ሁለት ሦስቴ አፍልተው ይድፉ። ቀጥሎ ያገለገለ የቡና አተላ ጨምረው አንዴ ያፍሉበት፤ ሽቶውን ይወስደዋል። ዘቅዝቀው ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ካልለቀቀው ቅዳሜ ገበያ ወጥተው አዲስ ይግዙ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል፤ አዲሱን ጀበና ግን ማጠቡን ለእሳቸው ይተዉት።